ሐሙስ ነይ ያልኳት

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን መጀመሪያ ያዙልኝ። አዳማ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ሕፃናት ስከትብ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፣ በነዚህ ዓመታት ቡዳ በላው፣ ዓይን ወጋው እያሉ ስንቱን ልጅ ሲያመጡልኝ፣ ሙቀት መለኪያዬን ብብቱ ስር ሸጉጬ ‹‹ቡዳው የሳንባ ምች ነው እናቴ›› እያልኩ ስቀልድ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ሲስተርን ነካ አድርጓታል እንዳትሉኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ማክሰኞ ነው። ዘይነባ የምትባል ወጣት እናት ዘጠኝ ወር የሞላትን ልጇን ሂክማን ታቅፋ ለኩፍኝ ክትባት መጣች። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው፣ ዱቄቱ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ስድስት ሰዓት ካለፈው ይደፋል። መመሪያው ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ ይላል፣ እኛ ግን ብዙ ከደፋን በየወሩ ሪፖርት ላይ ብክነት እየተባለ ስለምንገሰጽ ልጆቹን ሐሙስ ሐሙስ እንሰበስባቸዋለን። ያን ቀን ለኩፍኝ የመጣችው ሂክማ ብቻ ነበረች።

‹‹ሐሙስ ነይ›› አልኳት።

‹‹ሲስተር፣ ወላሂ ነገ ወደ አቦምሳ ልሄድ ነው፣ እህቴ ወልዳ ላርሳት። ወር እቆያለሁ፣ እባክሽ ዛሬውኑ ውጊልኝ።››

‹‹እንግዲያው ስትመለሺ ሐሙስ ነይ። አንድ ወር ምንም አይደለም።››

አንድ ወር ምንም አይደለም፣ በዚህ አፌ ነው ያልኩት። ዘይነባ የክትባት ካርዱን ተቀብላኝ ላዩ ላይ ሳትሞላ የቀረችውን የኩፍኝ ሳጥን በጣቷ ነካ አድርጋ አየቻት፣ ሂክማ ደግሞ የነጭ ጋውኔን ቁልፍ ይዛ አልለቅም ብላ በግድ ነው ያስለቀቅናት። ከወጡ በኋላ ረሳኋቸው፣ ለምን እዋሻለሁ።

አምስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያዞረ በሩን ገጭ ገጭ ሲያደርገው፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን እናቶች ቆጠርኩ፣ አሥር ናቸው፣ ምንም አይደፋም ብዬ ደስ አለኝ። ዘጠኙ ልጆች እንደ ወጉ ክፍሉን በጩኸት አናጉት። አሥረኛዋ እናት በሩ አጠገብ ነበረች፣ ፊቷን በሻሽ ሸፍናዋለች፣ ለአቧራው መስሎኝ ነበር፣ ካርዱን ሰጠችኝ፣ የልጅቷን እጅጌ ሰብስቤ ግራ ክንዷን ወጋሁ። አላለቀሰችም። እመኑኝ፣ ከንፈሩን እንኳ ሳያጣምም የተወጋ ልጅ ያን ቀን ነው ያየሁት። ካርዱ ላይ ስሟን እንኳ ሳላይ ቀኑን ጽፌ መለስኩና ጥጡን ስጭንላት ክንዷ እሳት ነው፣ ‹‹ይቺ ልጅ እኮ ትኩሳት አላት›› ብዬ ሙቀት መለኪያ ላነሳ ስዞር የጋውኔ ቁልፍ ሳብ ሲደረግ ተሰማኝ። ስመለስ በሩ ብቻ ገጭ ይላል፣ ቦታው ባዶ ነው።

‹‹ባይሳ፣ አሥረኛዋ የት ሄደች?›› አልኩት የሚመዘግበውን ነርስ።

‹‹የምን አሥረኛ? ዘጠኝ ናቸው እኮ ሲስተር፣ ዘጠኝ ነው የመዘገብኩት።››

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት፣ ጠብታ የለበትም። ባይሳ ‹‹ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጪ›› ብሎ ሳቀብኝ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ፣ ቁልፌ ግን በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር።

በሳምንቱ ዘይነባ ብቻዋን መጣች። አቦምሳ ያረፈችበት ሰፈር ኩፍኝ ገብቶ ሂክማን ያዛት፣ በኩፍኝ የታመመ ልጅ መርፌ ከነካው ይሞታል ብለው ትልልቆቹ ሐኪም ቤት ከለከሏት፣ ክፍሉን አጨልመው ሰው እንዳይገባ አደረጉ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ይዘዋት ሊወጡ ሲሉ ነፍሷ አለፈች። ‹‹ባለፈው ሐሙስ፣ ቀትር ላይ ዙህር ከተሰገደ በኋላ›› አለችኝ።

ከዚያ ካርዱን አወጣች። ‹‹ባሌ ‹ሳታስከትቢያት ቀርተሽ ገደልሻት› ይለኛል። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ሌላ ሰው እንዲያነብልኝም ፈራሁ። አንቺ ንገሪኝ ሲስተር፣ ካርዱ ምን ይላል፣ ልጄ ለኩፍኝ ተከትባ ነበር?››

ካርዱን ገለጥኩት። ኩፍኝ ከሚለው ትይዩ፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ፣ የዚያ ሐሙስ ቀን ተጽፏል። ፊርማዬም አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ‹‹አዎ፣ ተከትባለች›› ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እሷን ከባሏ ወቀሳ ይገላግላታል፣ እኔንም ይገላግለኛል። ግን ያ ማክሰኞ ፊቴ ድቅን አለ። ‹‹አልተከተበችም። አንቺ አምጥተሻት ነበር፣ የመለስኳችሁ እኔ ነኝ። ለባልሽም እኔው ራሴ እነግረዋለሁ›› አልኳት፣ እሷን ላጽናና ሲገባኝ እኔ ቀድሜ አለቀስኩ።

ዘይነባ አላለቀሰችም። ጣቷን ካርዱ ላይ አኖረች።

‹‹ፊደል ባላውቅም ይህቺን ሳጥን አውቃታለሁ፣ ልጄ አጠገብ ተቀምጬ ስንት ቀን ስመለከታት ባዶ ነበረች። ካርዱ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ማን ሞላት?››

ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች። ለባሏ ደውዬ ነገርኩት፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ስልኩን ዘጋው።

አሁን ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጥ እከፍታለሁ፣ ሪፖርቱ ላይ የፈለጉትን ይበሉ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ልጅ ብቻ መጣ፣ ከፍቼ ከተብኩት፣ ሌላ ሰው አልመጣም። ልደፋው ስል የቀረውን በመርፌ እየሳብኩ ለካሁት፣ ለዘጠኝ ልጅ የሚሆን መቅረት ነበረበት፣ የቀረው ለስምንት ነው። ባይሳም ቆሞ አይቷል፣ ያን ቀን ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ አቧራው ቢገባም በሩን አልዘጋውም፣ ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።