ለወዳጅነት የመጣችው መርከብ

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በአምስተኛው ዓመት፣ በሰኔ ወር አንድ ማለዳ፣ የአንድ ኃያል መንግሥት የጦር መርከብ በአንዲት ትንሽ አገር ወደብ አፍ ላይ መልሕቋን ጣለች፤ ሃያ አንድ ጊዜ መድፍ ተኩሳ ለአገሪቱ ባንዲራ ሰላምታ ሰጠች፤ ምሽጉም አንድ ሳያጓድል አጸፋውን መለሰ። ጋዜጣው ጉብኝቱ የወዳጅነት መሆኑን ጻፈ፤ ወዳጅ ወዳጁን ሊጠይቅ ሲመጣ ያን ሁሉ መድፍ ምን አሸከመው ብሎ ግን አልጠየቀም።

ምክንያቱን ጠንቅቆ የሚያውቀው የመንግሥቱ የባንኮች ተቆጣጣሪ ነበር፤ ካዝናውን በዓይኑ ካላየ የሰው ቃል የማያምን በመሆኑ ባለባንኮቹ ከጀርባው «አቶ እስቲ ልየው» ይሉታል። የመርከቧ አገር ሰዎች የሚያስተዳድሩትን የወደብ ባንክ መርምሮ፣ የሕዝቡ ገንዘብ በከሰረ ንግድ ማለቁን ስላረጋገጠ በቅርቡ በሩን አሽጎት ነበር። ባለባንኮቹ ለመንግሥታቸው አቤት አሉ፤ መንግሥታቸውም መልሱን በባሕር ላከ።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በዚያው ቀን አስጠሩት።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ባንኩ ባዶ ነው» አለ እንደቆመ። «ከከፈትነው ቀድሞ የደረሰ ጥቂት ሰው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ባዶ እጁን ይመለሳል። እንደታሸገ ቢቆይ ግን የቀረችውን ጥቂት ለሁሉም እናካፍላለን።»

«አውቃለሁ» አሉ ሚኒስትሩ በደከመ ድምፅ። «የመርከቧ አዛዥ ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እየሣቀ፣ ባንኩ ካልተከፈተ ከወደባችሁ የሚወጣ ጀልባ አይኖርም አለኝ። ምን ልበለው?»

«እኔ ልሰናበትና ሌላ ሰው ይፈርም።»

«የሌላ ሰው ፊርማ ማን ያምናል? ያንተን ነው የፈለጉት። ደግሞም መሐላ አለብህ፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል!»

ተቆጣጣሪው «ባንኩ ተመርምሮ ጤናማ ሆኖ ተገኝቷል» በሚለው ማስታወቂያ ላይ ፈረመ።

ከዚያ እግሩ ወደ አክስቱ ቤት ወሰደው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የመርከበኞች ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ጥሪቷም ያለው በዚያው ባንክ ነበር። ባንኩን ካሸገ ወዲህ አኩርፋው ከርማለች። ያን ለት ግን ግቢዋ በመኮንኖች ነጭ ልብስ ተሞልቶ፣ እሷም ፊቷ ፈክቶ አገኛት።

«ሰው ሁሉ ጦር መጣ ይላል» አለች እያሰጣች፤ «ለጠብ የመጣ ሰው ይህን ያህል ነጭ ይለብሳል እንዴ? ይልቅ ባንኩ ነገ ይከፈታል የሚሉት እውነት ነው?»

«ይከፈታል፣ እቴቴ።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ማልደሽ ሄደሽ ያለሽን አውጪ ቢላት በቂ ነበር። ነገር ግን ለእሷ የተነገረ ለጎረቤት ሁሉ እንደሚዳረስ ያውቃል፤ መሐላውም ያዘው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈራ። ባንኩ ሲታሸግ ያን ያህል ያኮረፈች ሰው ራሷ ማውጣቷ መቼ ይቀራል ብሎ ልቡን አሳረፈና ሳይነግራት ተሰናብቷት ወጣ።

በማግስቱ ከባንኩ ትይዩ ካለው ቢሮው መስኮት ሆኖ፣ አክስቱ ከተሰለፈው ሕዝብ ፊት ፊት ላይ መቆሟን አየና እፎይ አለ። ከሰዓት በኋላ ቢሮው ድረስ መጣች።

«ላወጣ ነበር የሄድኩት» አለች፤ «በሩ ላይ ፊርማህን አየሁት። ማንበብ ባልችል ያንተን ፊርማ አጣዋለሁ? ባወጣ አክስቱ እንኳ አላመነችውም ሊሉህ አይደል? እንዲያውም ከመኮንኖቹ ያገኘሁትን ጨመርኩበት። ከኋላዬ ያሉትም፣ አሳዳጊው ካስገባች እኛ ምን አስፈራን ብለው ተመለሱ። ኮርተህብኛል?»

ባንኩ ገና አልተዘጋም ነበር፤ እጇን ይዞ መንገዱን ቢያሻግራት ይደርሱ ነበር። ጸሐፊዎቹ ቀና ብለው ያዩታል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት እያስተካከለ፣

«ደግ አደረግሽ» አላት።

መርከቧ በሰላም ሄደች፤ ወሩ ሳይሞላ ባለባንኮቹ በሌላ መርከብ ተከተሏት፤ የሕዝቡን ገንዘብ ውሃ በላው። አክስቱ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ልብስ አጠበች። ተቆጣጣሪውን የረገመ ሰው ሁሉ ግን ከእሷ ጋር ነበር ጠቡ፤ «ልጄን አታለውት ነው! እሱ ቢያውቅ ኖሮ ለእኔ ሳይነግረኝ ይቀር ነበር?» ትላለች። አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማታል፤ ዓይኗን ማየት ግን ትቷል።

የዘመኑን የባሕር ኃይል ግንኙነት የጻፉ ሰዎች ጉብኝቱን የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት የጠነከረበት ብለውታል። ስለ ባንኩ አንዲት መስመር ጽፈዋል፤ ተቆጣጣሪው ልምድ ስላልነበረው ኪሳራውን ሳያውቅ ፈረመ ይላሉ። በዚህ ነገር አክስቱና ታሪክ አንድ ቃል ናቸው፤ ከአገሩ ሰዎች እውነቱን የሚያውቁት ሚኒስትሩና እሱ ብቻ ነበሩ፤ እሱም እስኪሞት ድረስ አላረማቸውም።