የጥርሳሙ ጎማ ቀስት

አትክልተኛው አየለ ጽጌረዳው ሥር በአንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። ከፍያለች አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ደረቱን አየች፤ ጎማ ሄዶበታል። መልሳ ሸፈነችውና «ነፍስ ይማር» አለች።

አገሯ ሳለች አርሲ ውስጥ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ፖሊስ ነበረች፤ ዛሬ ካይሮ፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ሰፈር ቤት ተከራይታ የሰው ቤት ታጸዳለች። አብዮቱ ከፈነዳ ሦስተኛ ወሩ ነው። የካይሮ ፖሊስ እንደሆነ ድራሹ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ሐበሻ አንድ ነገር ሲደርስበት «እትዬ ከፍያለችን ጥሩልኝ» ይላል።

የዛሬዋ ጠሪ ሐና ናት፤ ሸይኽ ዛይድ ሰፈር ያለው የዚህ ቪላ ምግብ አብሳይ።

«እትዬ፣ አየለን ገድሏል ብለው ወንድሜን ሊወስዱብኝ ነው!» አለች እጇን ጭምቅ አድርጋ ይዛ። «ወታደሮቹ ከዓስር ሶላት በኋላ ይመጣሉ። የኤርምያስ የስደተኝነት ፋይል ተዘግቷል። ከወሰዱት ወደ አገር ይመልሱታል፤ አለቀለት!»

የቪላው ባለቤት አብዮቱ ሲነሣ አገር ጥሎ ሸሽቷል፤ ወኪሉ ሐግ ፈትሂ በረንዳው ላይ መቁጠሪያውን ይዞ ተቀምጧል።

«ያዕኒ… ማለቴ፣ አንቺ ደግሞ ምኑን ትመረምሪያለሽ?» አላት። «የዐይን ምስክር አለ።»

ምስክሩ ጋሼ ጥሩነህ ናቸው፤ የሠራተኞቹ አለቃ። ሐናንም፣ ኤርምያስንም፣ ሟቹንም እዚህ ሥራ ያስገቧቸው እሳቸው ናቸው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ ጋሼ።»

«ዘበኛው ለጁምዓ ሶላት ሄደ። ግቢው ውስጥ አራታችን ብቻ ቀረን። እኔ እዚያ መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጬ ነበር» ብለው ከሣሩ ማዶ ያለውን የሲሚንቶ ወለል አሳዩአት። «ኤርምያስ ትንሿን ትራክተር አስነሥቶ ከጋራዡ ወጣ። ሣሩን አቋርጦ ወደ እኔ ፊት ለፊት መጣ። ጎንበስ ብሎ የሚኮተኩተውን ልጅ ደፈጠጠው። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ዞረና ዳር ባለው አስፋልት ተመልሶ ጋራዡ በር ላይ አቆማት።»

«ፊቱን አዩት?»

«አንቺን እንደማይሽ ነው ያየሁት!»

«መጋዘኑ አካባቢ ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ወፍ እንኳ የለም። ቁልፉም ከወገቤ አይወርድ። ካላመንሽኝ መሬቱን እዪው!»

ጠዋት ውሃ የጠጣው ሣር ላይ የጎማው ጥርሶች ጥልቅ አሻራ ትተዋል። ጥርሶቹ ከግራና ከቀኝ መጥተው በሾለ ጫፍ ስለሚገጥሙ አሻራው የተደረደረ ቀስት ይመስላል። የቀስቶቹ ጫፍ በሙሉ ወደ መጋዘኑ ያመለክታል።

«ይኸው፣ ከጋራዡ ወደ መጋዘኑ!» አሉ ጥሩነህ። ሐግ ፈትሂም ራሱን ነቀነቀ።

ከፍያለች ወደ ኩሽናው አመራች። ሆዷ ሁሉንም ጠርጥሯል፣ ሐናን ጭምር። እህት ለወንድሟ ስትል ምን አትዋሽም?

«የትራክተሯ ቁልፍ የት ይሰቀላል?» አለቻት ኩሽና ገብታ።

«እዚህ በሩ ላይ። ማንም ያነሣዋል።»

«አንቺም?»

ሐና ክው አለች። «እኔም፣ እትዬ። ግን ጓዳ ሽንኩርት ስከትፍ ድምፅዋን ብቻ ነው የሰማሁት።»

«አየለ ሰሞኑን የነገረሽ ነገር አለ?»

«ትናንት "ለሐግ የምነግረው ጉዳይ አለኝ" ብሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ኤርምያስ ጋራዡ ውስጥ እጁን በገመድ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ከአየለ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው።

«ተጨቃጭቀናል። ጎማው ሣሬን እየገሸለጠ ፈጀብኝ ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው? ይቺ ትራክተር ትንሽ ናት፣ ሥራዋ ሣር ማጨድ ነው፤ ሰፊውን፣ ጥርሱ አጭር የሆነውን የሣር ጎማ እንግዛላት ብዬ ጋሼን ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! እሱ ሣር አይቆርጥም፣ አሻራም አይተው። እሳቸው ግን የእርሻውን፣ ጥርሳሙን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ።»

«ለምን?»

«ጭቃ ላይ ጭነት ይጎትታል ብለው። እንዲህ ያለ ቤት ምን ጭነት አለው?»

ከፍያለች ጎንበስ ብላ ጎማውን በእጇ ዳሰሰችው። ጎኑ ላይ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ምልክት አለ፤ አገጣጠሙ ልክ ነው። «ሣሩን ወጥተህ አየኸው?»

«ከያዙኝ ወዲህ ከዚህ አልወጣሁም።»

«በል ተነሥ» ብላ ገመዱን ፈታችለት።

የዓስር ሶላት ሊደርስ ሩብ ሰዓት ሲቀር ሁሉንም ባዶው የአበባ መደብ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ሐና አፈሩን በጎማ ቱቦ አራሰችው።

«ኤርምያስ፣ ትራክተሯን ወደ ፊት ንዳት። ብዙ አይደለም፣ አምስት ሜትር ብቻ።»

ነዳት። ሁሉም አጎነበሱ።

«ሐግ፣ የቀስቱ ጫፍ ወዴት ያመለክታል?»

ሐግ ፈትሂ መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ። «ወደ ኋላ… ወደ ተነሣችበት።»

«አዎ። ጥርሳም ጎማ ልክ ከተገጠመ ወደ ፊት ሲሄድ መሬት ቀድሞ የሚነካው የሾለው ጫፍ ነው። ስለዚህ አሻራው የመጣበትን እንጂ የሚሄድበትን አያሳይም። አርሲ እርሻ ውስጥ ስንቱን በዚህ ለይቻለሁ። ሣሩ ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው መጋዘኑን ነው። ትራክተሯ ከመጋዘኑ ተነሥታ፣ አየለን ድጣ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። መጋዘኑ ደጃፍ ደግሞ ወፍ እንኳ አልነበረም ተብለናል፣ ከአንድ ሰው በቀር።»

«ወደ ኋላ እየነዳ መጥቶ ቢሆንስ?» አሉ ጥሩነህ፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ፊት ለፊት መጣ፣ ፊቱን አየሁት አላልክም?» አለች ከፍያለች። አንቱታው ቀረ።

ሐግ ፈትሂ እጁን ዘርግቶ የመጋዘኑን ቁልፍ ከጥሩነህ ተቀበለ። ሲከፍተው ባለቤቱ በአደራ ያስቀመጠው ምንጣፍና የሣጥን ዕቃ የለም። የኋላው በር ጭቃ ላይ ያው የጥርስ አሻራ ከቪላው ጀርባ እስካለው እርሻ ድረስ ተዘርግቷል።

«ዕቃውን በትራክተሯ ጎትተህ ስታወጣ አየለ አይቶብህ ነበር» አለችው ጥሩነህን።

«ሊያሳጣኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ ጥሩነህ። «እኔ ሥራ ያስገባሁት ልጅ!»

ሐና «እኛንም ሥራ ያስገባኸን ለዚህ ነው?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ኤርምያስ ግዛ ያለህን ጎማ ገዝተህ ቢሆን ሣሩ መልሶ ቀና ይል ነበር» አለች ከፍያለች። «እኔም የማነበው አሻራ አጥቼ ያንተን ምስክርነት ይዤ እመለስ ነበር።»

ወታደሮቹ ገቡ። «የትኛው ነው?» አለ አንደኛው።

ኤርምያስ ገመድ ያሰመረበትን እጁን ዘረጋ። ሐና እጁን መታ አድርጋ አወረደችው።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ አንተ አይደለህም» አለችውና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።