ቬንትሌተሩን የወሰደ ሰው

ልጅቷ እያየችው፣ አባቷ የጉዞ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ የመስታወት ገንዳው ፊት ተንበረከከ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ልጅ ያሳደጋቸው ኮራሎች፣ አለት መሳዮቹ የባሕር እንስሳት፣ ሐምራዊውም አረንጓዴውም፣ አጥንት መስለው ነጥተዋል። ሁለቱ ዓሣዎች ጥግ ይዘው ያለከልካሉ።

«ቬንትሌተሩን ማነው ያነሳው?» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። እሱ ደግሞ ሲጮህ ነው የሚሻለው።

አባትየው የአየር ማቀዝቀዣ ሠራተኛ ነው። የሰው ቤት ሲያቀዘቅዝ ይከርማል፣ የራሱ ቤት ግን ዳቦ ይጋግራል። ለገንዳው ማቀዝቀዣ መግዛት ስላልቻለ፣ ሙቀት ሲመጣ ክዳኑን አንስቶ ቬንትሌተር ያዞርበታል፤ ነፋሱ ውሃውን ጥቂት በጥቂት እያተነነ ያበርደዋል። ለአሥር ቀን ሥራ ሌላ ከተማ ሲሄድ አደራውን የሰጠው ለልጁ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ በቁመት ልትደርስበት ምንም አልቀራት፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ «ጩጬ» ነው የሚላት።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ። «ማክሰኞ ለታ ሙቀቱ ሊገድለኝ ሆነ። ለአንድ ሰዓት ክፍሌ ወስጄው መለስኩት። እንዲህ ይሆናል ብዬ መች ጠረጠርኩ?»

አክስትየዋ የአባቷ ታላቅ እህት ናት። ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ሲፈርስ «ለሁለት ሳምንት» ብላ መጣች፤ ይኸው አምስት ወሯ። የልጅቷ እናትና አባት ከተለያዩ ወዲህ ዝም ብሎ የከረመው ቤት ሳቅ የሰማው እሷ ከመጣች ነው። ጠዋት ጠዋት ዓሣዎቹን ጎንበስ ብላ እያየች፣ «እናንተስ የራሳችሁ ቤት አላችሁ» ትላቸው ነበር።

«ስድስት ዓመት እኮ ነው፣ እትዬ» አለ አባቷ። አክስቷ ክፍሏ ገብታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች።

ጩጬ የቆመችበት ቀረች። ቬንትሌተሩ እንዳልሆነ ታውቃለች። ማክሰኞ ቴርሞሜትሩን ራሷ አይታዋለች፤ ግማሽ ዲግሪ እንኳ አልጨመረም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ነፋሱ የሚያተነው ውሃውን ብቻ ነው፤ ጨው የትም አይሄድም። ስለዚህ ገንዳው ሲጎድል የሚሞላው በንጹህ ውሃ ነው። አባቷ ይህን ነግሯታል። «ከሰማያዊው ጀሪካን፣ ሰማሽ? ነጩ ጨው ያለበት ነው፤ እንዳትነኪው።» እሷ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። «ኧረ ጣጣ የለውም፣ አባዬ» አለችው። በማግስቱ ገንዳው ሲጎድል የትኛው ጀሪካን እንደነበር ጠፋት። የባሕር ፍጡር የባሕር ውሃ ነው የሚፈልገው ብላ፣ በጉብዝናዋ እየተኩራራች፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከነጩ ቀዳች።

ኮራሎቹ ሲነጡ ትናንት ከሰዓት ጨውን ለካች። በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም መሆን የነበረበት አርባ አንድ ሆኗል። ደንግጣ ውሃውን በባልዲ እየቀነሰች በንጹህ ሞላችው፣ ቁጥሩ እስኪስተካከል። የተረፉትንም ያ ድንገተኛ ለውጥ ጨረሳቸው። ዛሬ አባቷ ቢለካ ምንም አያገኝም።

ከአክስቷ ክፍል የልብስ ሳጥኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። አንጀቷን በላት።

«አባዬ» አለች። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረችው። ነጩን ጀሪካን አነሳው፤ ባዶ ነው። ስድቡን፣ ምናልባትም ጥፊውን፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«ለእትዬ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

የአክስቷን ክፍል በር ገርበብ አደረገው። «እንግዲያው አትንገሪያት።»

«ለምን?»

«አምስት ወር ሙሉ ጨነቀኝ እኮ፣ ጩጬ። ታላቄ ናት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ውጪልኝ ልበላት? አሁን በራሷ ተነሥታለች።» ራሷን ዳበስ አደረጋት። «ያንቺን እንርሳው። ኮራሉን እንደገና እንጀምራለን፣ አንተና አንቺ ሳንባባል።»

ቢመታት በወደደች። ለሠራችው ጥፋት ምሕረት ማግኘቷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ደስ አላላትም። እሱን ሁልጊዜ እውነተኛ ሰው ነው ብላ ነበር የምታስበው።

አክስቷ ትልቁን ቦርሳ እየጎተተች ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ነጭ ወደሆነው ገንዳ ላለማየት አንገቷን አዙራለች።

«ወዴት ነው፣ አክስቴ?»

«አንድ ጓደኛዬ ጋ። ሳሎኗ ውስጥ ፍራሽ ታነጥፍልኛለች» አለች። ወደ ወንድሟ ዞረች። «የልፋትህን ፍሬ ገደልኩብህ። ይቅር በለኝ።»

ጩጬ አባቷን አየችው። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች።

«ግድ የለም፣ እትዬ» አለ። «ይቅር ብዬሻለሁ።»

አክስቷ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። ታላቁ ናት።

ጩጬ መሀላቸው ገባች። አባቷ «ልጄ» ሲላት ሰማችው፤ አልዞረችም። ቦርሳውን ከአክስቷ እጅ ወስዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፣ ወንበር ሳበችላት።

«አክስቴ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። «የምነግርሽ ነገር አለ።»