ሦስት «ች» እና አንድ ክር

«ቆዪ፣ ቆዪ! ማነው ያወጣው?» አያቷ የስፌት መኪናዋን መዘውር በመዳፏ ያዝ አድርጋ አስቆመችው።

ልጅቷ ማንበቧን አቋረጠች። ነገ ትምህርት ቤቱ ትልቅ እንግዳ አለበት። የትግሉን ማስታወሻ የጻፉት ሽማግሌ ታጋይ ይመጣሉ፤ ከመጽሐፋቸው የታወቀውን ገጽ የምታነበው ደግሞ እሷ ነች፣ ከስንት ተማሪ መካከል! ያንን ገጽ የማያውቅ በከተማው የለም። በገጹ የሚተረክለት መልእክተኛ ልጅ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ዳቦውን ይዞ ተስሏል፤ አራተኛ ክፍል ሳለች ጫማውን የቀባችው እሷ ራሷ ነበረች።

«እሺ፣ እንደገና» አለችና አነበበች። «ድልድዩን ልንሻገር ስንል ልጅ ደረሰ። ከሱሪ እጥፋት ወረቀት አወጣ። ‹አትሻገሩ፣ ጠላት አድፍጧል› ይላል። አርባ ሰው ተረፍን። ምስጋናችንን ስናበዛ፣ ‹ዳቦ ስጡኝ› ብቻ አለ።»

«ደረሰች። አወጣች። አለች» አለች አያቷ፣ በጣቷ እየቆጠረች። «እኔ ነኛ!»

«እማማ ደግሞ! ቀልድሽን ተዪ።»

«ምን ቀልድ አለው? ፀጉሬን እናቴ ላጨችኝ፣ ሱሪው የወንድሜ ነበር። ወረቀቱን እጥፋቱ ውስጥ የሰፋሁት ራሴ ነኝ፤ ሳወጣው የተመዘዘው ክር ከወረቀቱ ጋር እጃቸው ገባ። ደግሞ ዳቦውን ከየት አመጡት? ክሬን ስጡኝ ነው ያልኩት! ወንድሜ ሱሪው ተተርትሮ ቢያይ ይገድለኝ ነበራ!»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መጀመሪያ ሳቋን ያቆመችው አያቷ ነበረች።

«አንዴ ለጎረቤት ተናግሬ ነበር። መጽሐፉን ገልጠው አሳዩኝና ተሳሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ። አንቺም የተጻፈውን አንብቢ፣ የኔ ልጅ።» መኪናዋ እንደገና መንኳኳት ጀመረች። ልጅቷ ግን በእነዚያ ጎረቤቶች ደሟ ፈላ።

በማግስቱ መምህሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «አንዲት ፊደል ስተሽ እንዳታዋርጂኝ» አላት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ታጋዩ ከፊት ወንበር፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አያቷ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ማውረዱን ረስታዋለች።

ልጅቷ ማይኩን ያዘች። የተጻፈውን ብታነብ ይጨበጨብላታል፣ ያበቃል። አያቷ ግን ዕድሜ ልኳን ውሸታም ሆና ልትቀር ነው።

«ድልድዩን ልንሻገር ስንል ልጅ… ደረሰች።»

ጉርምርምታ ተነሣ። «ኧረ ፎረሸች!» አለ አንዱ። መምህሩ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ከሱሪ እጥፋት ወረቀት አወጣች» ስትል ድምጿ ጠነከረ። መጨረሻ ላይ ደረሰች፦ «‹ክሬን ስጡኝ› ብቻ አለች።»

ታጋዩ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ክር ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አያቴ።»

ሽማግሌው ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ። «በእጄ ስጽፍ ክር ነበር ያልኩት። አሳታሚው ‹ክር ምን ይባላል? ዳቦ ይሻላል› አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ለማንም አንሥቼው አላውቅም። ከዚያ ቡድን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ክሩን የምናውቀው እኔና ያ ልጅ…» ቆም አሉ። «ያቺ ልጅ። የታለች?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። አያቷ ሹልክ ልትል ስትል ተማሪዎቹ መንገድ ዘግተውባት ነበር።

«አንቺ ልጅ!» አሏት ታጋዩ የሰባ ዓመቷን ሴትዮ። «ሱሪውን ሰፋሽው?»

«ሰፋሁት!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜ እስከ ዛሬ አላወቀም!»

አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ሊፈርስ ደረሰ። መምህሩ ሳይቀር ወንበር ላይ ወጥቶ ያጨበጭብ ነበር። ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። ደስታውን አልቻለችውም።

ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገባች። የማስታወሻው ሃያ ሰባት ቅጂዎች መደርደሪያው ላይ ናቸው። ሁሉንም አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ከመረችና እርሳስ አወጣች። ገጽ ሲታጠፍ እንኳ የምትጮኸው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጥታ ከፊቷ ተገተረች። እርሳሱን አየች፣ በመስኮቱ በኩል ግድግዳው ላይ የተሳለውን ልጅ አየች። ከዚያ ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ መዝዛ አቀበለቻት።

«እርሳስ ይጠፋል» አለች።

ልጅቷ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገለጠች። «ደረሰ» ከሚለው ቃል አጠገብ ጠባብ ክፍት ቦታ አለች፤ ለ«ች» ትበቃለች።