ያልተለካው የአስር ሰዓት ግፊት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ጓደኞቼ ስለ ጅን ሲያወሩ «እንቅልፍ ነስቷችሁ ነው» እያልኩ የማሾፈው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ቡታጅራ ባለ አንድ ሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪም፣ እኛ ኢንተርን የምንለው፣ ነኝ። ዲዩቲ፣ ማለትም ተረኛ፣ ስንሆን ጠዋት ገብተን የምንወጣው በማግስቱ ከሰዓት ነው፣ እመኑኝ፣ ቆሜ እንቅልፍ ወስዶኝ የታካሚ አልጋ ላይ ልወድቅ የነበረበት ቀን አለ። ታዲያ አንዲት ዘዴ ነበረችን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት የደም ግፊት ስንለካ፣ ሌሊት አስር ሰዓት የሚለካውንም በግምት እዚያው የታካሚው መከታተያ ቻርት ላይ ሞልተን መተኛት። ብዙዎቻችን እናደርጋታለን፣ ማንም ግን አያወራትም።

አንድ ሌሊት የምከታተላቸው ጋሼ ሸምሱ ከመስቃን የመጡ በርበሬ አምራች ነበሩ፣ የሳንባ ምች ይዟቸው፣ የምታስታምማቸው ደግሞ ልጃቸው ረውዳ ነበረች። አራት ሰዓት ላይ ስለካቸው ደህና ናቸው፣ እንዲያውም «ልጄ፣ ዓይንህ ቀልቷል፣ ሂድ ተኛ» አሉኝ፣ እኔ ከንቱውም ሰበብ አገኘሁ። የአስር ሰዓቱን ቦታ «መቶ ሃያ በሰማንያ» ብዬ ሞላሁ፣ ጓደኛዬ ኤልያስ ለፈተና ወደሚያጠናበት የዲዩቲ ክፍል ሄድኩና ጋውኔን ሚስማር ላይ ሰቅዬ ተዘረርኩ።

በእንቅልፌ መሃል ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ፣ እየቀረበ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ የእግሬን አውራ ጣት አንድ ሰው ቀስ አድርጎ ሳብ አደረገኝ፣ እንደገናም ሳብ፣ እናቴ ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሰኝ እንደምታደርገው። ልዋሽ አልችልም፣ ተነስ እየተባልኩ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነርሷ በሩን አንኳኩታ ስትቀሰቅሰኝ ጋሼ ሸምሱ አርፈዋል፣ ሰውነታቸውም ቀዝቅዟል። የበላዬ የሆነው ሐኪም፣ ሲኒየሩ፣ ቻርቱን አይቶ አስር ሰዓት ላይ እንዴት እንደነበሩ ጠየቀኝ፣ «ደህና ነበሩ» አልኩት። ምራቄን ሳልውጥ ረውዳ ከኋላዬ እንባዋን እየጠረገች ተናገረች።

«አዎ፣ አስር ሰዓት ላይ መጥቶ ነበር፣ አላህ ይስጠው። አባቴ አጠገብ ተቀምጦ እጃቸውን ያዢ አለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ ምስኪን፣ ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።»

ሲኒየሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

በእንቅልፍ ልቤ ሄጄ ይሆናል ብዬ ኤልያስን ጠየቅኩት፣ እንዲሆንም ለመንኩ። እሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ነው ያደረው፣ ከአልጋዬ አልወረድኩም፣ በሩንም ከውስጥ የቆለፈው ራሱ ነው። ጋውኔም ሚስማሩ ላይ እንደሰቀልኩት ነበር። ውሸቴ ምስክር አግኝቷልና አላረምኩትም፣ ረውዳ አስከሬኑን ይዛ ስትሄድ ቤተሰቡ ሁሉ ዱዓ እንደሚያደርግልኝ ነግራኝ ነበር፣ እሱንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ያኔ ተነስቼ ብለካቸው መድከማቸውን አውቅ ነበር፣ ሲኒየሩን እጠራ ነበር፣ ምናልባት ዛሬ ማሳቸው ላይ ይሆኑ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቀድሜ ሞልቼ አላውቅም፣ የስልኬን ማንቂያ ደወል እሞላና እነሳለሁ። ባለፈው ሳምንት አስር ሰዓት ላይ ታካሚዎቹ የተኙበት ዋርድ ስገባ ሚስቱን የሚያስታምም አንድ የቡኢ ሰው ግራ ገብቶት ቀና አለ።

«ዶክተር፣ ምነው ተመለስክ? እጇን ያዝ ብለኸኝ አሁን ወጣህ እኮ።»

ቻርቱን አየሁ፣ የአስር ሰዓቱ ቦታ ባዶ ነው። ሴትዮዋን ለካኋት፣ መቶ ሃያ በሰማንያ። አላመንኩም፣ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ሲኒየሩን ቀሰቀስኩት፣ መጥቶ አያትና ለደህና ሰው ብለህ ለምን እንቅልፍ ትነሳኛለህ ብሎ ተቆጥቶኝ ሄደ። ባልየው አንድ እጇን ይዟል፣ እኔም እስኪነጋ ሌላኛውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሲነጋ ሴትዮዋ ሻይ አምጡልኝ አለች። አሁንም ዋርድ ውስጥ ናት፣ እኔም ዛሬ ዲዩቲ ነኝ፣ ጋደም ብያለሁ፣ ጫማዬን ግን አላወለቅኩም።