ባለ ልጅቷ ብስኩት

የመጀመሪያውን ምልክት ማሸጊያው ላይ ባለው የገዛ አፍንጫዋ ላይ አጣማ ለጠፈችው። ጥቁር ነው፤ ስምንት ማዕዘን አለው፤ መሃሉ ላይ በነጭ «ስኳር የበዛበት» ተብሎ ተጽፎበታል። የብስኩቱ ፓኮ ላይ የምትስቀው የአምስት ዓመት ሕፃን ከዓይኖቿ በቀር ሁለመናዋ ጠፋ።

«ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለች እናቷ ከጠረጴዛው ማዶ። «ዓይኗም መታየት የለበትም።»

እናቷ «ዓይኗ» ነበር ያለችው። «ዓይንሽ» ማለት አቅቷት ይሆናል።

አዲሱ ደንብ ስኳር የበዛበት ምግብ ሁሉ ይህን ምልክት ፊት ለፊት ይለጥፍ ይላል። ምልክቱ ያለበት ምግብ ደግሞ ሕፃናትን የሚያባብል የልጅ ምስል አይኑርበት ይላል። የብስኩት ቤቱ ባለቤት አጎቷ ነው፤ መላ የማይጠፋው ሰው። የተረፈውን አሮጌ ማሸጊያ ከሚጥለው ምልክቱን እዚያው የልጅቷ ፊት ላይ ቢለጥፈው ከሁለቱም ጣጣ እንደሚገላገል ደረሰበት። ይኸው እሷም ከትምህርት ቤት መልስ፣ ደብተሯን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ ከእናቷ ጋር ማሸጊያ ክፍል ተቀምጣ ራሷን ታጠፋለች።

ትምህርት ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ብስኩት» ናት። ሰማዩ ከጠቆረ «ብስኩት፣ ዝናብ መጣ፣ እንዳትሟሚ» ይሏታል። ትቆጣለች፤ ቁጣዋ ግን ከአንገት በላይ ነው። ፎቶውን ያነሳት አባቷ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ብስኩቱን ተፍታዋለች፤ ከመጣፈጡ ብዛት ጥርሷን ወጋት። የሳቀችው አባቷ የካሜራውን ክዳን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ስላፈጠጠባት ነው። በዓመቱ ሞተ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያነሳ የራሱን ፎቶ ሳይተው ሄደ። እሷም በሱቅ ባለፈች ቁጥር ወደ መደርደሪያው ቀና ማለት ልማዷ ሆነ። እዚያ አባቷ አሁንም ያስቃታል።

ለዚህ ነው አጎቷ ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ካርቶኖች እያሳየ፣ እነዚያ እንዳሉ ይሄዳሉ፣ አትንኳቸው ሲል ልቧ ቅቤ የጠጣው። ደስታዋ ግን ሾፌሩ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ቆየ። ካርቶኖቹ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀችው።

«ለየትምህርት ቤቱ ሱቅ ነዋ» አለ አንዱን ትከሻው ላይ እያወጣ። «ተቆጣጣሪ ከአንደኛ ክፍል ልጅ ጋር ተሰልፎ ብስኩት አይገዛም። ልጆቹ እንደሆኑ ስሙንም አያውቁት፤ ‹ባለ ልጅቷን ስጠን› ነው የሚሉት።»

የያዘችው ምልክት ጣቷ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አንዲት አንደኛ ክፍል ልጅ ትዝ አለቻት። በእረፍት ሰዓት መንገድ ዘግታባት፣ ፓኮውን ከፊቷ ጋር እያስተያየች፣ አንቺ ነሽ አይደል፣ በየቀኑ ትበዪዋለሽ ብላ ጠይቃታለች። የትንሿ የፊት ጥርሶች እስከ ድዷ ጠቁረው ነበር። እሷ ደግሞ ደረቷን ነፍታ «አዎ» ብላት አለፈች።

አጎቷ ሊያጣድፋቸው ሲገባ ከጠረጴዛው ሳትቀና ጠየቀችው።

«አጎቴ፣ የትምህርት ቤቶቹስ አይለጠፍባቸውም?»

«የኔ ማር፣ እዚያ ሻጯ አንቺ ነሽ እኮ» አለና ጉንጯን ቆንጠጥ አደረጋት። ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ወደ እናቷ ዞረ። «ልጅሽን ምከሪያት። የበላችበትን ወጪት እንዳትሰብር።»

ስልኩ ጮኸና ወደ ግቢው ወጣ። ሾፌሩም መኪናውን ሊያስጠጋ ተከተለው።

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሚያድሩባት ክፍል የማን እንደሆነች፣ ደሞዟም ከማን እጅ እንደሚወጣ አስታወሰቻት። ቁጣ አልነበረውም፤ ልመና ነበር። ልጅቷ የማታውቀው ነገር አልነገረቻትም። ተነሳችና ከግድግዳው ሥር አንዱን ካርቶን ጎትታ ፕላስተሩን ገነጠለችው። ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«አባትሽ ያነሳው ነው» አለች እናቷ። «ሌላ ምን ቀረን?»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

አንድ ፓኮ አወጣች። ሕፃኗ ማንም የማያየውን ሰው እያየች ትስቃለች። ጥቂት አብራት ቆየች። ከዚያ ምልክቱን ከፍ አድርጋ፣ ከዓይኖቿ ጀምራ ለጠፈችው። ጠርዝ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ይሄኛው አልተጣመመም።

የአጎቷ ሳቅ ከስልኩ ጋር ወደ በሩ እየቀረበ ነው። እናቷ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ በሩን ታያለች።

ልጅቷ ሁለተኛውን ፓኮ አወጣች።