ከነቤቱ የተሻገረው ክሎዶሚሮ

ክሎዶሚሮና ሚስቱ ኦርፌሊና በቺሊ አገር፣ ከቺሎዌ ደሴቶች በአንዷ ትንሽ ደሴት ላይ፣ ባሕሩ ዳር ባለች የእንጨት ቤታቸው አርባ ዓመት ኖረዋል። ድንቹ ከጓሮ፣ ዓሣው ከደጅ! ምን ጎደላቸው? አንድ ነገር ብቻ... ሐኪም። የኦርፌሊና ልብ መድከም ሲጀምር ነው እንግዲህ ጉዱ የመጣው። ጤና ጣቢያው ያለው ከባሕሩ ማዶ ነዋ! በጀልባ ሁለት ሰዓት፣ ያውም ነፋሱ ከፈቀደ።

ማዶ የምትኖረው ልጃቸው ኤልቬሲያ መጥታ ለመነች።

"አባዬ፣ እማዬን ዛሬውኑ ልውሰዳት። ከእኔ ቤት ሐኪሙ ጋ አምስት ደቂቃ ነው።"

"እዛች ክብሪት ሳጥን የምታክል ቤትሽ ውስጥ?"

"ክብሪት ሳጥኗ ሰው ታድናለች!"

ኦርፌሊና ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ገና አልሞትኩም እኮ! ከአሁኑ ልትከፋፈሉኝ ነው?"

ክሎዶሚሮ አመዛዘነ። እዚህ ቢቀሩ መሬቱ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ በሕፃንነታቸው የሞቱት ሁለት ልጆቻቸው መቃብር አለ። ማዶ ያሉት ልጃቸውና ሐኪሙ ብቻ ናቸው። መጨረሻ ላይ ፍርጥም ብሎ፣ "እንሄዳለን፤ ግን ከነቤታችን!" አለ። አባቱም አያቱም እንደዛ ነው የተሻገሩት። ጎረቤት በደቦ ይጠራል፣ ቤቱ ከመሠረቱ ተነቅሎ በበሬ ባሕር ድረስ ይጎተታል፣ ከዚያ በጀልባ ይሳባል። ታዲያ ቤት የሚንሳፈፈው ባሕሩ ጢም ብሎ ሲሞላ ነው። ለዚያ ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል!

"ልብ ባሕር እስኪሞላ ይጠብቃል እንዴ አባዬ?" ኤልቬሲያ አለቀሰች።

"ይጠብቃል! እናትሽን አውቃታለሁ፤ ከቤቷ ወጥታ መኖር አትችልም።"

ያውቃታል? ወይኔ... አንድም ቀን እኮ አልጠየቃትም!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ስምንት ጥንድ በሬ ተጠመደ። መንደሩ በሙሉ "ሳብ! ሳብ!" እያለ ቤቱን ባሕር ከተተው። ኦርፌሊና ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ጀልባው ላይ ባሏ ደረት ላይ ተደግፋ፣ ቤቷ ከኋላ እንደ ዳክዬ እየተንሳፈፈ ሲከተላት ታያለች።

"ክሎዶ... ክብሪት ሳጥኗ ውስጥ ብንገባስ ምን ነበረበት? እየተጋፋን እንተኛ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ?"

የጤና ጣቢያው ነጭ ግድግዳ መታየት ሲጀምር፣ እጇ እጁ ውስጥ ቀዘቀዘ...

ኦርፌሊናን መልሰው ደሴቷ ላይ፣ ከልጆቿ አጠገብ ቀበሯት። ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ "ዶን ክሎዶሚሮ፣ በሬዎቹ ዝግጁ ናቸው፤ ቤቱን እንመልስልዎት?" አሉት። መመለስ እንዴት አይፈልግ! ሚስቱ እዚህ፣ ቤቱ እዚያ! እሱ ግን ከቀብሩ ጀምሮ ወዳላናገረችው ልጁ ዞረ።

"አንቺስ... ምን ትያለሽ ልጄ?"

ኤልቬሲያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "እዚያው ይቆይ አባዬ። ከደሴቱ የሚመጣ በሽተኛ ማደሪያ የለውም።"

ቤቱ ማዶ ቀረ። አዎ፣ ቤት ባሕር ይሻገራል፤ ያለፈን ቀን ግን የትኛው በሬ ጎትቶ ይመልሰዋል? በሳምንቱ እግሯ ያበጠ አንዲት ነፍሰ ጡር ከደሴቱ መጣች። ክሎዶሚሮ ጓዟን ተቀብሎ፣ ሁለቱንም አልጋ አሳያትና ቆሞ መልሷን ጠበቀ።

"የቱ ይሻልሻል ልጄ? መስኮቱ ጋ ወይስ ምድጃው ጋ?"